ኪሎ ያላት ምራት

ካርዱ የመጣው አስመራ፣ ኮምቢሽታቶ ጎዳና ላይ ባለው ትኬት ቢሮ አድራሻ ነበር። ትኬት ቆራጩ እንደ እኔው አዲስ አበባ ያደገ፣ ከነጻነት በኋላ አገሩ የገባ ሰው ስለሆነ ብቻችንን ስንሆን የምናወራው በአማርኛ ነው። ያን ቀን ገና ከበሩ ስገባ ብድግ ብሎ ጨበጠኝና ፖስታውን በሁለት እጁ አቀበለኝ። ወርቃማ ካርድ ነው። የአየር መንገዱ የመጨረሻ ደረጃ ላይ መድረሴን፣ ከዚህ በላይ የሚሰጥ ካርድ አለመኖሩን ነገረኝ። እሱ ራሱ የተሸለመ ያህል ደስ ብሎታል። እኔ ግን የፈለግሁት መቀመጥ ነበር። ከካምፓላ ተነሥቼ አውሮፓ ዞሬ አስመራ የገባሁት በዋዜማው ነው፤ ወገቤ ተቆልፎ ጠዋት ጫማዬን ያሰረልኝ ባሌ ነበር።

ሥራዬ የሆስፒታል ላቦራቶሪ መሣሪያ መጠገን ነው። የቀጠረኝ የአውሮፓ ኩባንያ በአካባቢያችን አገሮች የሸጣቸው ማሽኖች ሲቆሙ የሚላከው እኔን ነው። መለዋወጫው ያለው እዚያው አውሮፓ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ሰሜን በርሬ ዕቃውን አነሣለሁ፤ ከዚያ ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ ካይሮ እወርዳለሁ፤ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የተበላሸውን ተሸክሜ በመጣሁበት እመለሳለሁ። ባሌ የሙያ ትምህርት ቤት መምህር ነው። ወጣትነቱን ሜዳ፣ የትግሉ በረሃ፣ በእግሩ ሲሄድ የጨረሰ ታጋይ ስለነበር አሁን ከቤት መውጣት አይወድም። "እኔ የሄድኩት ለሁለታችንም የሚበቃ መስሎኝ ነበር" ይለኛል፣ ሻንጣዬን ወደ ታክሲ እያወጣ።

ትኬት ቆራጩ ወንበር ስቦልኝ ነገሩን አስረዳኝ። ካርዱ እስከሚመጣው ዓመት መጨረሻ የእኔ ነው። በዚሁ አየር መንገድ መብረሬን ብቀጥል በደረጃ የሚጨመርልኝ ነገር የለም። ስለዚህ ከእንግዲህ ማይሉን፣ ለደረጃ የሚቆጠረውን የበረራ ርቀት፣ ሌላ አየር መንገድ ላይ ባጠራቅም ይሻላል፤ ለዚያ ደግሞ ሁለት ምርጫ አለኝ። አንደኛው በባሕረ ሰላጤው በኩል የሚሄደው ነው። እሱ ትርፍ ኪሎ አይሰጥም፤ ደረጃ ሲያድግ ግን ከፊት ያስቀምጣል፣ ወንበሩም ወደ ኋላ ተዘርግቶ ያስተኛል። ሁለተኛው በአዲስ አበባ በኩል የሚያልፈው ነው። ወንበሩ ጠባብ፣ ጥበቃው ረጅም ነው፤ ካርዱ ግን ትርፍ ኪሎ ያስጭናል። ኩባንያው ዋጋው እስከተቀራረበ ድረስ በየት እንደምሄድ አይጠይቀኝም።

"አስቢበት" አለኝ ስወጣ። "ወገብሽንም አማክሪው።"

ወገቤን ማማከር አላስፈለገኝም። የሚያስተኛውን መርጬ ነው ከቢሮው የወጣሁት።

ሰፈራችን ማይ ተመናይ፣ ፌርማታው ላይ ስወርድ አንዲት ጎረቤታችን አዲሱ ካርድ ስንት እንደሚያስጭን ጠየቀችኝ። ከማን እንደሰማች እንጃ። በሰፈሩ ስለ እኔ ኪሎ የማያውቅ አልነበረም። ከወርቃማው በታች ያለውን ካርድ ካገኘሁ ጀምሮ ከሌላው መንገደኛ የበለጠ እጭን ነበር፤ ያንን ትርፍ የሚሞላው ደግሞ ሰፈሩ ነው። የአስም መድኃኒት፣ የብስክሌት ጎማ፣ የሙሽራ ጫማ፣ አንዴማ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ጭምር አምጥቻለሁ። ትእዛዝ የሚቀበሉት አብረናቸው የምንኖረው አማቴ ናቸው። እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። የመጣውን ሰው ሻሂ አቅርበው ያዳምጡና "ጓለይ ታመጣዋለች" ብለው ይሸኙታል። ጓለይ ማለት ልጄ ማለት ነው፤ እኔን ነው።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይለኝ ነበር። ከአዲስ አበባ ስመጣ ሰፈሩ እንደ እንግዳ ነው ያየኝ። ትግርኛዬ የአማርኛ ዜማ አለው፤ ከዚያ የመጣነውን ሁሉ "አምቼ" ይሉናል፣ እንደ ተናጋሪው ስድብም ፍቅርም ይሆናል። ሻንጣ መፍታት ከጀመርኩ ወዲያ ግን ኪሎ ያላት ምራት ሆንኩ። ሠርግ ላይ ከፊት ያስቀምጡኝ ጀመር። የከበደኝ ቆይቶ ነው፤ ከበረራ ወርጄ ገና ፊቴን ሳልታጠብ ሳሎን ተቀምጠው የሚጠብቁኝን ሰዎች ሳይ፣ የሰው ጫማ ቁጥር ይዤ በማላውቀው ከተማ ሱቅ ለሱቅ ስዞር።

ምሳ ላይ ትኬት ቆራጩ ያለኝን ለባሌና ለአማቴ አወራሁላቸው። ሁለቱን አየር መንገዶች ሳነሣ አማቴ መጉረስ አቆሙ። በአዲስ አበባ የሚያልፈው እዚያ ያሳድር እንደሆነ ጠየቁኝ። ብዙ ጊዜ ያሳድራል አልኳቸው። ኪሎስ ይሰጣል? ካርዱን ሳገኝ ይሰጣል።  ከዚያ ተነሥተው ወደ ጓዳ ሄዱና እንድከተላቸው ጠሩኝ።

ጓዳው ጥግ በአንሶላ የተሸፈነ፣ በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና ነበር። እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አማቴ አልፎ አልፎ አንሶላውን ገልጠው ይወለውሉታል፣ ዘይት ጠብ ያደርጉበታል፣ መልሰው ይሸፍኑታል። ሲሰፉበት ግን አይቼ አላውቅም። የተበላሸ መስሎኝ አንድ ጊዜ ልጠግንልዎ ብላቸው፣ አልተበላሸም ብለው ወሬውን ቆርጠውታል። ያን ቀን ነው የማን እንደሆነ የነገሩኝ።

በትግሉ ዘመን ከግድግዳው ማዶ ከመሐል አገር የመጣ አንድ የጦር መኮንን ከነሚስቱ ይኖር ነበር። ሚስትየው ልብስ ሰፊ ነበሩ። አማቴ አማርኛ የለመዱት ከእሳቸው ነው፤ እሳቸውም ትግርኛውን ከአማቴ። ለብዙ ዓመት በአንድ የአጥር በር ሲገቡና ሲወጡ የአንዷ ባል ግንባር፣ የሌላዋ ልጅ ሜዳ ነበር። ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንድም ቀን አንሥተውት አያውቁም። ጦርነቱ አልቆ የመኮንኖቹ ቤተሰቦች ከተማውን ሲለቁ፣ ሴትየዋ የስፌት መኪናቸውን ታቅፈው መጥተው አማቴ በር ላይ አስቀመጡት። የሚወስዳቸው የጭነት መኪና ሾፌር ጥሩምባውን አላቋርጥ ብሎ በወጉ እንኳ አልተሰነባበቱም። በቅርቡ ለሠርግ ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ዘመድ ሴትየዋን ኮተቤ እንዳየቻቸው፣ ከእህታቸው ጋር እንደሚኖሩ ነግራቸዋለች።

"የሰው ዕቃ ነው። በዚህ ነበር እንጀራዋን የምትበላው" አሉኝ አማቴ። "እኔ ጋ ተቀምጦ ባየሁት ቁጥር እሷ እጇን አጣጥፋ የተቀመጠች ይመስለኛል።"

ባሌ በጭነት መኪና እንላከው አለ። ተወርውሮ ይሰበራል አሉ። እኔ ደግሞ፣ የወርቃማው ካርድ አየር መንገድ አዲስ አበባ ስለማይሄድ፣ በሌላው አንድ ቀን ስሄድ የትርፍ ኪሎውን ልክፈል አልኳቸው። እሱንም አልፈለጉም።

"እንዲያ ከሆነ ያንቺ ገንዘብ ይሆናል። ካርዱ ለሰው ሁሉ ሲያመጣ ኖሯል፤ ለእኔ አንድ ጊዜ ይውሰድልኝ።"

ለራሳቸው አንድም ነገር አዝዘውኝ አያውቁም ነበር። በማግስቱ ትኬት ቢሮ ሄጄ በአዲስ አበባ የሚያልፈውን መምረጤን ስናገር ትኬት ቆራጩ ቀና ብሎ ፊቴን አየኝ። ከዚያ መመዝገቢያውን ሞላልኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት አሁን ሳስባቸው አንድ ረጅም በረራ ይመስሉኛል። ከታች፣ ከዝቅተኛው ደረጃ ነው እንደገና የጀመርኩት። ጉልበቴ ከፊት ያለውን ወንበር እየነካ፣ የመሣሪያ ቦርሳዬን እግሬ ሥር አድርጌ እበራለሁ። አውሮፓ ማረፊያዎች ላይ የወርቃማው ካርድ ደንበኞች ገላቸውን ታጥበው ወደሚያርፉበት ክፍል ሲገቡ አያለሁ። ካርዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ የያዝኩት ትኬት ግን የሌላ ስለሆነ አያስገባኝም። አዲስ አበባ ሳድር ያደግሁበት ሰፈር ሄጄ ዘመድ ማየት ይገባኝ ነበር። ብዙውን ጊዜ ሆቴል ወለል ላይ በጀርባዬ ተጋድሜ እግሬን አልጋው ላይ እሰቅላለሁ፤ እራቴንም ሳልበላ እንቅልፍ ይወስደኛል።

አማቴን መቀየም ጀመርኩ። ፊታቸው ምንም አልልም፤ ግን ሰላምታዬ አጠረ። ባሌ ገብቶት፣ እኔ እነግራቸዋለሁ፣ ተዪው አለኝ። እምቢ አልኩ። ይህን ሁሉ ከተሠቃየሁ በኋላ መተው ከመቀጠል የባሰ ድካም መሰለኝ።

የአዲስ አበባው መስመር ካርድ የደረሰው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የመጨረሻው ደረጃ አይደለም፤ ለስፌት መኪናው ግን ይበቃል። ባሌ መደበር ወደሚባለው የብረት ቀጥቃጮች ገበያ ወስዶት፣ ከዘይት በርሜል ቆርቆሮ ለልኩ ሣጥን አሠራለት፤ አማቴ ውስጡን በአሮጌ ብርድ ልብስ አለበሱት። አየር ማረፊያ ድረስ መጥተው ሣጥኑ ሚዛን ላይ ወጥቶ ሲያልፍ በዓይናቸው አዩ። "የቐንየለይ" አሉኝ። ትግርኛ ምስጋና ነው፤ እሳቸው ለእኔ ሲሉት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ኮተቤ ቤቱን ለማግኘት ብዙ ጠየቅሁ። ሴትየዋ ወፍራም መነጽር ያደረጉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው። የማን ምራት እንደሆንኩ ስነግራቸው ሁለቱንም ጉንጬን ይዘው በትግርኛ "ከመይ ኣላ?" አሉኝ፤ እንዴት ናት ማለታቸው ነው። ደህና መሆናቸውን ነግሬያቸው ሣጥኑን ከፈትኩት። ሴትየዋ ጎንበስ ብለው ብረቱን በጣታቸው ዳሰሱ። ፊታቸው ተለወጠ።

"ምነው መለሰችው? ቅር አሰኘኋት እንዴ?"

አደራ ስለሆነ ነው አልኳቸው። አማቴ እንዳልሰፉበት፣ ማንንም እንዳላስነኩት፣ ዘይት እያጠጡ እንዳኖሩት ነገርኳቸው። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"አደራ ያለው ማነው?" አሉ። "ሰጥቻት እኮ ነው። ልጅሽ ከሜዳ ሲገባ ልብስ ስፊለት ብያት ነበር። እሷም ራሷን ነቀነቀች። በዚያ ጥሩምባ አልሰማችኝም ማለት ነው።"

 ቢያንስ እዚህ ይቀመጥ፣ ይሽጡት አልኳቸው። አልሆነም። ዓይናቸው መርፌ ማየት ትቷል፤ ደግሞም አንዴ የሰጡትን ሰው አይቀበልም አሉ። ምሳ አበሉኝ፤ የአንድ ጎረቤታቸውን ስልክ ቁጥር አስጻፉኝ። ከዚያ የእህታቸው ልጅ ሣጥኑን እስከ አስፋልቱ ተሸክሞልኝ ታክሲ ውስጥ አስገባልኝ። በሩ ሲዘጋ ዕንባዬ መጣ። ያስለቀሰኝ የሁለቱ ሴቶች ነገር ይሁን ያን ብረት መልሶ የመሸከሙ ሐሳብ፣ ዛሬም ለይቼ አላውቅም።

አማቴ ሣጥኑን ሲያዩ ቤቱን አጥቼው የተመለስኩ መሰላቸው። አስቀምጬ የሆነውን ሁሉ በትግርኛ ነገርኳቸው። ጨርሼ ሳበቃ፣ ሴትየዋ ያሉትን በአማርኛ፣ ልክ እንዳሉት ድገሚልኝ አሉኝ። ደገምኩላቸው። "ልጅሽ ከሜዳ ሲገባ ልብስ ስፊለት።" ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አማቴ ዞር ብለው እሱን አዩት፣ ከዚያ ሣጥኑን አዩት፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

በዚያው ሳምንት ካኪ ጨርቅ ገዝተው ሸሚዝ ሰፉለት። እጃቸው ስላልለመደ አንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝማል። ባሌ ረጅሙን አጥፎ ትምህርት ቤት ለብሶት ሄደ። ከሴትየዋም ጋር በስልክ መነጋገር ጀመሩ። አማቴ ለስልክ ሲዘጋጁ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ይለብሱ ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ የወርቃማው ካርድ ጊዜ አለፈ፤ በእሱ አየር መንገድ ስላልበረርኩ የሚታደስበት ምክንያት አልነበረም። ትኬት ቆራጩ እንደገና ምርጫ ሲያቀርብልኝ ማንንም ሳላማክር በባሕረ ሰላጤው የሚሄደውን አልኩ። ቤት ስደርስ አማቴ እየሰፉ ነበር፤ ከእኔ ቀድማ የመጣች ጎረቤት ለልጇ ጫማ ልታዝዝ አጠገባቸው ተቀምጣለች። እኔ አፌን ሳልከፍት አማቴ ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ "ኪሎ የላትም" አሏት። ጎረቤቲቱ ገርሟት እኔን አየችኝ። የላትም አሉ ደግመው፣ ሻሂውንም ቀዱላት።

ከዚያ ወዲያ ተኝቼ መሄድ ቻልኩ። ወገቤ ግን እንደፈራሁት አልዳነም፤ ምናልባት ዘግይቼ ይሆናል። ሁለቱ አገሮች ሲጣሉ የአዲስ አበባው መስመር ተዘጋ፤ እዚያ ያጠራቀምኩት ማይልም እዚያው ቀረ። ስልኩም ተቋረጠ። አንድ ከሰዓት ሻንጣዬን ሳዘጋጅ አማቴ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በባሕረ ሰላጤው ዞሮ አዲስ አበባ የሚደርስ አየር መንገድ የለም ወይ ብለው ጠየቁኝ።

"አየር መንገዱማ አለ፤ ለእኛ ፓስፖርት ግን አይሆንም" አልኳቸው።

"እወ" አሉ፤ አዎ ማለታቸው ነው። ከዚያ አልጋው ላይ የተበተኑትን ልብሶቼን አንድ በአንድ እያጠፉ ያቀብሉኝ ጀመር።