ባህር ዛፉ፣ ቅርጫቷና «ላኪ»

ሰሞኑን ከሱቄ ፊት ለፊት ባለ ቅርጫት መኪና መጥታ ቆመች። ያቺ ረጅም ክንድ ያላት፣ ክንዷ ጫፍ ላይ ሰው የሚቆምባት ቅርጫት የተገጠመላት። የመብራት ሽቦ የነካውን ባህር ዛፍ ልትቆርጥ ነው። የሰፈሩ ሰው ሥራውን ጥሎ ወጣ። እኔም በርጩማዬን ይዤ ወጣሁና እንደ ዳኛ ተቀመጥኩ። መብቴ ነዋ! አሰላ ውስጥ ከእኔ የበለጠ ዛፍ ላይ የዋለ ፍጡር ቢኖር ወፍ ብቻ ነው። እሷም ክንፍ ስላላት አትቆጠርም።

ቅርጫቷ ስትነሳ ግን ሳቄ ጠፋ። ውስጧ የቆመችው ወጣት ሴት ናት። ሴት መሆኗ አይደለም ያስደነገጠኝ፤ ሞተር መጋዙን አያያዟ ራሱ ጎበዝ መሆኗን ያሳብቃል። ያስደነገጠችኝ ድንገት ትዝ ያለችኝ አንዲት ቃል ናት። ታሪኩን ስትሰሙ እናንተም ትደነግጣላችሁ።

ያኔ ጢሜ ገና ብቅ ብቅ ሲል እንጀራዬ ዛፍ መውጣት ነበር። አስተማሪ አልነበረኝም፤ ዛፉ ራሱ እየጣለ ነው ያስተማረኝ። ገመድ፣ መጋዝና ወገቤ ላይ የምሸጉጣት ቢላ፣ አለቀ። ከኢተያ እስከ ሳጉሬ «ጦጣው» ብላችሁ ብትጠይቁ እኔን ያሳዩአችኋል። ስድብ እንዳይመስላችሁ፣ ማዕረግ ነው።

ሐጂ አማን የሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ባህር ዛፍ ነበር። ከታች አንድ፣ ከላይ መንታ። አንዱ ግንድ ወደ ቤታቸው ያዘነበለ፣ ሌላው ወደ መንገዱ። ክረምት ገብቶ፣ ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ ጣሪያውን ሲያንኳኳ፣ ሐጂ እንቅልፍ አጡ። በአጋጣሚ ለመብራት ዝርጋታ ከአዲስ አበባ የመጣች ባለ ቅርጫት መኪና ሰፈር ውስጥ ነበረችና እሷንም እኔንም ጠሩን። መኪናዋ በግቢው በር አትገባም፤ ብትገባም ጭቃው ይውጣታል። ስለዚህ የቤቱን ግንድ እኔ ወጥቼ ልቆርጥ፣ እኔ ስወርድ ደግሞ የመንገዱን ግንድ ቅርጫቷ ልትቆርጥ ተስማማን።

ቅርጫቷ ላይ የሚሠራው ሳምሶን የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ጫማው ጭቃ አልነካውም። ገና ሳየው ደሜ ፈላ።

«በእግርህ ነው የምትወጣው?» አለኝ።

«አንተስ በአሳንሰር? ምነው፣ ወገብህን ያምሃል እንዴ?»

ሐጂ ከት ብለው ሳቁ። ባለቤታቸው በቅቤ የራሰ ጩኮ አመጡልን። የተቆላው ገብስ ሽታ በዚያ ብርድ ላይ፣ ምን ልበላችሁ! ሳምሶን ጫፉን ቀመሰ፣ የቀረውን እኔ አስተካከልኩት። ከዚያ ወጣሁ።

መንታ ዛፍ ላይ ደንቡ አንድ ነው፤ አንዱን ግንድ ስትቆርጥ ራስህን የምታስረው በሌላው ላይ ነው። እኔም የቤቱን ግንድ ስለምቆርጥ ገመዴን የመንገዱ ግንድ ላይ፣ ከፍ አድርጌ አሰርኩ። ሳምሶን ይህን ከየት ይወቀው? እሱ የታሰረው መኪናው ላይ ነው።

ቅርንጫፉን እየቆረጥኩ ወደ ታች ላክሁ። በኛ ሥራ «ላክ» ማለት ቆርጠህ ጣለው ማለት ነው። ከሥሬ የነበረውን ሁሉ ጨርሼ፣ እግሬን ግንዱ ላይ ተክዬ፣ ገመዱ ላይ ተደግፌ ትንፋሽ ልወስድ ቆምኩ። ጉሙ መጣ። ቅጠሉም ከሳምሶን ጋረደኝ። ሰውዬው መጋዜ ዝም ሲል የወረድኩ መሰለው።

ቅርጫቷ እየጮኸች ስትወጣ ሰማሁ። ከዚያ ሳምሶን ወደ ታች ተጣራ፦

«ሐጂ! ልላክ ወይ?»

ሐጂ ከግቢው ሆነው እኔንም ገመዴንም ያያሉ። ክው አሉ። ሰው ሲደነግጥ ደግሞ የሚጮኸው በእናቱ ቋንቋ ነው።

«ላኪ! ላኪ! ላኪ!»

ኦሮምኛ የምትችሉ ሳቃችሁን ያዙልኝ። «ኪ»ን ጠበቅ ስታደርጓት በኦሮምኛ «አይ! ተው!» ማለት ነው። ነፋስ ውስጥ ግን ጠበቀ ላላ ማን ይለያል? ይኸው ስጽፈው እንኳ አንድ ነው። ሳምሶን የሰማው «ጣዪው» የሚለውን ነው። የመጋዙን ሞተር አስነሳ።

ገመዴ ወገቤ ላይ ነዘረኝ። መጀመሪያ ነፋስ መሰለኝ። ከዚያ የእንጨት ብናኝ እንደ ካፊያ ፊቴ ላይ ወረደ። ገባኝ። ያ ግንድ ሲወድቅ እኔንም ይዞ ነው የሚሄደው። ጮህኩ፤ ሞተሩ ድምፄን ዋጠው። ወደ ታች አየሁ፤ የምረግጠው ቅርንጫፍ የለም፣ ሁሉንም በገዛ እጄ ጥዬዋለሁ። ሐጂ ኮፍያቸውን አውልቀው እያውለበለቡ «ላኪ! ላኪ!» ይላሉ። እሳቸው በጮኹ ቁጥር ሳምሶን ይበረታል። ያን ዕለት የበላሁት ጩኮ ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ መጣ።

ድንገት ሞተሩ ጠፋ።

«ሐጂ!» አለ ሳምሶን፣ ድምፁ ተቆጥቷል። «ሰው እየሠራ ይሰደባል እንዴ? ላክ ይባላል እንጂ ላኪ ምንድነው? ሴት እመስላለሁ?»

በዚያች ጸጥታ ውስጥ ያለ የሌለ ድምፄን አወጣሁ፦ «ሳምሶን! የታሰርኩት እሱ ላይ ነው!»

ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ አየኝ። ፊቱ አመድ ሆነ። ይሄኔ ግንዱ «ጧ» አለ። በዝግታ ማዘንበል ጀመረ፤ ገመዱም ወገቤን ይጎትት ጀመር።

«ግባ!» አለኝ ቅርጫቷን እያስጠጋ።

«እኔ ቅርጫት ውስጥ? እወርዳለሁ!»

«በምንህ? በክንፍህ? ግባ አንተ ሰውዬ!»

ቢላዬን መዘዝኩ። ገመዱ እርጥብ ነው፣ አልቆረጥ አለ። ግንዱ እንደገና ጮኸ። ሳምሶን በአንድ እጁ ቀበቶዬን ያዘኝ። የመጨረሻዋ ክር ስትበጠስ እኔ በግንባሬ ቅርጫቷ ውስጥ ተደፋሁ፤ ግንዱም ገመዴን እንደ ጅራት እየጎተተ ሄዶ መንገዱ ላይ ተዘረረ። የሐጂ አጥር ተከተለው።

ለአንድ ሰው በተሠራች ቅርጫት ውስጥ ሁለት ጎረምሶች ተቃቅፈን ቆምን።

«ላኪ ምን ማለት ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ተው ማለት ነው።»

ወረድን። ሐጂ ጭቃው ላይ ተቀምጠዋል። «ወላሂ» አሉ፣ «እኔ አይ እላለሁ፣ እሱ ይብስበታል!»

ከዚያም በኋላ ዓመታት ዛፍ ወጥቻለሁ። ሰው ሁሉ «መውጣት ይሻላል ወይስ ቅርጫት?» እያለ ይጠይቀኛል። እኔ እንጃ። እኔን መጀመሪያ ያተረፈኝ፣ ሳምሶንን ወንድ ሆኖ «ላኪ» መባሉ ማናደዱ ነው።

አሁን ገባችሁ? ይቺን ልጅ አንዱ ደንግጦ «ላኪ!» ቢላት ምኗም አይናደድም፤ ለሷማ ልኳ ነው፣ ቆርጣ ትጥለዋለች! ዙሪያዋን የቆመው ሰው ደግሞ ሁሉም ሲደነግጥ በኦሮምኛ የሚጮህ ነው። ከበርጩማዬ ተነሳሁና «እህቴ፣ ኦሮምኛ ትችያለሽ?» ብዬ ልጠይቃት ወደ መኪናዋ ሄድኩ።

አፌን ሳልከፍት ሞተሯን አጠፋች።

«ላኪ! ላኪ ጋሼ! ሂን ዱፊና!»

አይምጡ ማለቷ ነው። ቀና ስል ግማሹ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ልክ አናቴ ላይ ተንጠልጥሏል። ባለሁበት ደረቅኩ።

«የየት አገር ልጅ ነሽ?» አልኳት፣ አንገቴን እንዳቀናሁ።

«የሮቤ! አሁን ወደ ኋላ ይመለሱልኝ!»

ሰፈርተኛው ሳቀብኝ። እኔ የኋሊት እየተራመድኩ በርጩማዬ ላይ ተመለስኩና፣ ከሐጂ ባህር ዛፍ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዛፍ ሲቆረጥ ያለ ስጋት ተቀምጬ አየሁ።