በአክስቴ ጣሪያ ላይ የከፈትኩት ቀዳዳ

ከተማ ከላይ ሲታይ ያምራል ይባላል። አያምርም። ደብረ ታቦርን ከጣሪያ ላይ ያየ ሰው የሚያገኘው ዝገት፣ ነፋስ እንዳይገነጥለው ቆርቆሮ ላይ የተጫነ ድንጋይ፣ የፈነዳ ኳስና ባለቤቱ የጠፋ አንድ እግር የፕላስቲክ ጫማ ነው። የጉና ተራራም ቢሆን ከመሬት ሆነው ቢያዩት ያው ጉና ነው። ይህን የምለው በከተማዋ ካሉ አሮጌ ቤቶች ያልወጣሁበት ጣሪያ ጥቂት ስለሆነ ነው። የቤት ግድግዳ ቀለም ተቀብቶ ይዋሻል፤ ጣሪያ መዋሸት አያውቅበትም። ለዚህ ስል እወጣለሁ፤ የሚጠይቀኝ ካለም የሚያፈስበትን እየፈለግሁ ነው እላለሁ።

የአክስቴ ቤት ከእነዚህ አሮጌ ቤቶች አንዱ ነው። ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ ጭቃ፣ በረንዳው እንጨት። አክስቴ የሚተኙት ፎቁ ላይ ነው። ልጃቸው ከዐረብ አገር በተመለሰች በመጀመሪያው ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና «ይፍረስ» አለች።

«ዐሥር ዓመት የሰው ቤት ሳጸዳ ኖሬ፣ የእናቴ አልጋ ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ ልይ?»

አክስቴ አልተከራከሩም፤ ውል አስገቧት እንጂ። ቆርቆሮውን የተሸከመው እንጨት፣ ወራጁ፣ በስብሶ ከተገኘ ቤቱ ይፈርሳል፤ እሳቸውም ዕቃቸውን ሰብስበው ይወጣሉ። ካልበሰበሰ ግን ቀዳዳው ብቻ ይጠገናል፤ እሳቸውም እዚያው አልጋቸው ላይ ያረጃሉ። ወጥቶ የሚያይ ዳኛ ተፈለገ።

«አንተ መቼም የሰው ጣሪያ አይቀርህም» አሉኝ። «እስቲ ዛሬ እንኳ ለቁም ነገር ውጣ።»

በግንቦት አንድ ረፋድ ላይ ወጣሁ። ልጃቸው መሰላሉን ይዛ ከታች ቆማለች።

«ጋሼ፣ ሚስማር ሚስማሩን ርገጥ!»

ሚስማር ባለበት ከሥሩ እንጨት አለ፤ ሚስማር በሌለበት አየር ነው። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ያን ዕለት ግን ስለ አሮጌ ቤቶች ክብር ላሰማት ያዘጋጀሁትን ንግግር በልቤ እያሳመርኩ ነበር። ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ቀኝ እግሬ ቆርቆሮውን ቀድዶ ወረደ።

ወራጁ ላይ ተንፈራጥጬ ቀረሁ። አቀማመጤን ወንዶች ይረዱታል። እግሬ ከጆንያ የተሠራውን ኮርኒስ አልፎ ከአክስቴ አልጋ በላይ ተንጠልጥሏል። ከውስጥ ድምፃቸው መጣ።

«ስትገባ ጫማህን ጥረግ ስንት ጊዜ ነው የምልህ?»

«ወየው፣ ጋሼ! ተረፍክ?» አለች ልጃቸው ከታች።

«ወራጁ ተርፏል!» አልኩ።

እውነቴን ነበር። ያን ሁሉ ክብደት ስጥልበት እንጨቱ ሲጥ እንኳ አላለም። በቤቴ ቁልፍ ፋቅ ፋቅ ባደርገው ውስጡ ቀላ፤ ዛሬ የተቆረጠ ይመስል ጥድ ጥድ ሸተተ። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ፋቅሁ፤ ያው ናቸው። እዚያው እንደተቀመጥኩ «አይፈርስም» ብዬ ፈረድኩ።

«በል ውረድ» አለችኝ። «የበሰበስከውስ አንተ ነህ።»

ቃሏን ግን አላጠፈችም። በማግስቱ ራሷ ገበያ ሄዳ አዲስ ቆርቆሮ አመጣች። ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የአሁኑ ቆርቆሮ ስስ ነው፤ እጥፋቱም ጠባብ ስለሆነ ከአሮጌው ሰፊ እጥፋት ጋር አይገጥምም። በአንድ በኩል ስንጫነው በሌላው ብድግ ይላል። አንድ ባልዲ ውሃ ብናፈስበት ግማሹ አልጋው ላይ አረፈ። ሙሉውን ጣሪያ እንዳንለውጥ ሰኔ መጣ፤ በሰኔ ቤት ገላጣ አይደረግም።

አሁን ቀዳዳውን በላስቲክ ሸፍነን ድንጋይ ጭነንበታል። የጉና ነፋስ በመጣ ቁጥር ይርገበገባል። አክስቴ እኔን ለማጽናናት ብለው፣ «ጠዋት ጠዋት ብርሃን ይገባልኛል፣ ደግ አደረግህ» ይሉኛል። ልጃቸው ላስቲኩን ታያለች፤ ቀጥላ እኔን ታያለች። ምን እንደምታስብ አውቃለሁ። ያ እንጨት እስከ ዛሬ የቆየው ከጥቂት ጠብታ በቀር ደርቆ ስለኖረ ነው። ዘንድሮ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ከጠጣ፣ መስከረም ላይ እሷ ትክክል ትሆናለች፤ አክስቴም ዕቃቸውን ይሰበስባሉ፤ ቤቱን ያፈረሰውም በአሮጌ ቤት ፍቅር አገር ያሰለቸው ሰውዬ ይሆናል።

ስለዚህ ከገሳይ እስከ ይፋግ አሮጌ ቤት እያፈረሳችሁ ያላችሁ ሁሉ፦ አንድ ቅጠል ወፍራም፣ እጥፋተ ሰፊ የድሮ ቆርቆሮ ስጡኝ። ቢዝግም ግድ የለኝም። መሰላሉን ይዤ እመጣለሁ፤ ከጣሪያችሁም ራሴ አወርደዋለሁ፣ ሚስማር ሚስማሩን እየረገጥኩ። ዝናቡ ሳይቀድመኝ ስጡኝ።