ቅጠሉን ያራገፈው ወይን

ጋዜጣ ቤት የተቀጠርኩ ዕለት የጠየቅሁት የፍርድ ቤት ዜና ነበር። አለቃዬ ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝ።

«ፍርድ ቤቱ ሰው አለው። አንተ የጓሮ አትክልት ዓምዱን ያዝ» አሉኝ። «ያላየኸውን በቅሏል ብለህ እንዳትጽፍ።»

የመጀመሪያ ሥራዬ ጌጃ ሰፈር ነበር። ወይዘሮ አስካለና ባለቤታቸው አቶ ደምሴ ከቤታቸው ጀርባ አንድ መደብ ገብስ፣ ከአጥሩ ሥር ደግሞ አንድ የወይን ሐረግ ነበራቸው። ወሩ ኅዳር ነው። ተክሎቹን የብርዱን ወራት እንዴት እንደሚያሳልፏቸው ልጠይቅ ሄድኩ።

ውርጭ የሚመጣው ገብሱ እሸት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ሰማዩ ጠርቶ ካመሸ አቶ ደምሴ በእንጨት ላይ ጆንያ ይዘረጉለታል፤ ፀሐይ ስትወጣ ያነሡታል።

«እኔን እንኳ እንዲህ አልብሶኝ አያውቅም» አሉኝ ወይዘሮ አስካለ።

«አንቺማ እሸትነትሽ አለፈ» አሉ ባልየው።

ወይኑን የተከሉት ወይዘሮ አስካለ ናቸው። በብርዱ ቅጠሉን አራግፎ ማገዶ ይመስል ነበር። ቅርፊቱን በጥፍራቸው ጫር አድርገው አሳዩኝ፤ ውስጡ አረንጓዴ ነው። «ተኝቷል። ውሃ አታብዙበት፣ ሥሩን ገለባ አልብሱት፣ እንቡጡ ሳያብጥ ግረዙት ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ኅዳር በመጣ ቁጥር ዓምዴን ከዚያ ጓሮ እጀምር ነበር። እሸት ሳያስቀምሱ ሸኝተውኝ አያውቁም።

ወይዘሮ አስካለ ካረፉ በኋላ ሰፈሩ ሊፈርስ ሆነ። አቶ ደምሴ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ሊገቡ ነው። ደወሉልኝ። «ገብሱስ ይቅር። የእሷ ወይን ግን ከቤቱ ጋር እንዲቀር አልፈልግም።»

ስደርስ ጎረቤቶች ለእገዛ መጥተዋል። «ጋሽ ደምሴ፣ ይሄ እኮ ደርቋል» አለ አንዱ። አቶ ደምሴ ቅርንጫፉን እየቆራረጡ የእያንዳንዱን ቁራጭ ታች በሰያፍ፣ ላይኛውን ቀጥ አድርገው ከረከሙት።

«ቅጠል ስለሌለው ተሳስታችሁ ገልብጣችሁ እንዳትተክሉት። የሾለው እግሩ ነው» ብለው ለየሰዉ አደሉ። የራሳቸውን ቁራጭ አሸዋና አፈር በሞላ የቀለም ባልዲ ተከሉት።

ጋሽ መኮንን ጡረታ ወጥተው ነበር። አዲሱ አለቃዬ ጽሑፌን አንብቦ «በቀለ ብለህ ዝጋው፤ አንባቢ ደስ ይለዋል» አለኝ። «አላየሁም» አልኩት። የዚያን ዕለት የዓምዴ ቦታ ለማስታወቂያ ተሰጠ።

ብርዱ ሲያበቃ ወደ ሰንጋ ተራ ሄድኩ። ከጎረቤቶቹ ያንዱ ቁራጭ ደርቆ መጣሉን አቶ ደምሴ ሰምተዋል። የእሳቸው ባልዲ በረንዳው ላይ ነው፤ ቁራጩ ምንም አላወጣም።

«አንተ ጫረው። እኔ ፈራሁ» አሉኝ። ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

በጥፍሬ ጫርኩት። «አረንጓዴ ነው» አልኳቸው።

ወዲያው አልዞሩም።

የጻፍኩት ያንኑ ነው፦ ቁራጩ በሕይወት አለ፤ ገና አልበቀለም። አሁንም ኅዳር ሲገባ እግሬ ወደ ጌጃ ሰፈር ይወስደኛል፤ አጥሩ የለም። ከሥራው የያዝኩት ይህን ነው። ቅጠሉን ያራገፈ ሁሉ አልሞተም፤ ሁሉም ደግሞ አይበቅልም። ጫር አድርጎ ማየት ነው።