ሁለት ብልቃጥ ደሜና እናቴ የደበቀችው

ወገኖቼ፣ ዛሬ ሳልመሰክር ብቀመጥ አንጀቴ አያስችለኝም። እልል ማለት አምሮኛል፤ ግን ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ ቀበሌው ዓይኑን አልነቀለብንምና ቀስ ብለን እናመስግን። ጌታ ይባረክ!

አስተማሪ ነኝ፤ ቁጣዬን ታውቃላችሁ። ለክብረ በዓል ብቻ ነጠላ የምለብስ፣ ጸሎት የማላውቅ ሴት ነበርኩ። አምና የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ሳለሁ አንዲት ተማሪዬ ፊቷ ሽፍ ብሎባት መጣች። አቅፌ ቤቷ አደረስኳት። ለእርግዝናዬ የሚከታተለኝ ሐኪም ይህን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ።

«የጀርመን ኩፍኝ ነው» አለኝ። «ለልጅቷ ቀላል ነው፤ ለፅንስ ግን አደገኛ ነው። ልጁ ላያይ፣ ላይሰማ ይችላል። በልጅነትሽ ይዞሽ ከነበረ ደምሽ መከላከያ አለው፤ እናትሽን ጠይቂ።»

ሐኪም ጋራ ከሚባለው ሰፈር፣ እናቴ ቤት፣ እያለከለክኩ ደረስኩ። «እማዬ፣ በልጅነቴ ኩፍኝ ወጥቶብኝ ያውቃል?»

«በስመ አብ! ምን ትጠሪብኛለሽ!» ብላ አማተበች። «ምንም ወጥቶብሽ አያውቅም።»

አለቀልኝ አልኩ። ሐኪሙም ደሜ እንዲመረመር አዘዘ። አንዱ ብልቃጥ ያን ቀን፣ ሌላው ከሦስት ሳምንት በኋላ ተቀድቶ ሁለቱም አብረው አዲስ አበባ ይላካሉ። መከላከያው በሁለቱም እኩል ከተገኘ የቆየ ነው። በሁለተኛው ብቻ ከተገኘ ግን በሽታው አሁን ገብቶብኛል ማለት ነው።

እንዴት እንደከረምኩ አትጠይቁኝ! ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ ልገዛ ወጥቼ ባዶ ዘንቢል ይዤ እመለሳለሁ። ባሌ «እስቲ አረፍ በይ» ሲለኝ እጮህበታለሁ። መስታወት ፊት ቆሜ ሽፍታ ወጣ አልወጣ እያልኩ አንገቴን ስመረምር እውላለሁ።

ሁለተኛውን ደም የቀዳችኝ ይቺ መካከላችን ያለችው ሲስተር ናት። ስትጨርስ እጄን አልለቀቀችም። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና «እህቴ፣ ኢየሱስን ለምኚው» አለችኝ።

«አሁን ምን ያደርጋል? ደሙ እንደሆነ ተቀድቷል!» አልኳት።

«አንቺ ግን ገና አልዳንሽም» አለችኝ።

እዚያው ወንበር ላይ ተንሰቀሰቅኩ። «ጌታ ሆይ፣ ልጄን ማየት ባይችልም፣ መስማት ባይችልም እቀበለዋለሁ፤ አንተም እኔን እንዳለሁ ተቀበለኝ» አልኩ። ሰላም ወረደልኝ ልበላችሁ? አልወረደልኝም! ውሸት አልመሰክርም። እየተቅበጠበጥኩ ነው ያመንኩት።

ከዚያ ውጤቱ መጣ። በሁለቱም እኩል! ሃሌሉያ! «ልጅ ሆነሽ ይዞሽ ነበር» አለኝ ሐኪሙ።

እናቴ ዘንድ ተመልሼ እውነቱን ንገሪኝ ስላት በነጠላዋ አፏን ሸፍና አለቀሰች። ለካ በአምስት ዓመቴ ወጥቶብኝ ነበር። መስኮት ዘግታ፣ ለጎረቤት ሳትተነፍስ አስታማኛለች። «ስሙን የጠሩት እንደሆነ ይመለሳል» አለችኝ። «እንዲህ እርጉዝ ሆነሽ እንዴት ልጥራብሽ?» ሳስታልኝ ነው ያሰቃየችኝ፤ ምን ልበላት! ግን ወገኖቼ፣ ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ እዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም ነበር። ጌታ ይመስገን!

ልጄ ይኸው፤ ስጠራው ዞሮ ያየኛል። ልቤ ግን ዛሬም አልረጋም፤ ትናንት አስነጠሰ ብዬ ሐኪም ቤት ሮጫለሁ! ብቻዬን ግን አልሮጥኩም። እህቴ፣ ዛሬ የምትጠብቂው ውጤት ካለ፣ ልቤ ይረጋጋና እመጣለሁ አትበይ። እንደፈራሽ ነይ።