ዳገቱን በኋላ ማርሽ

«ይሄ የእኛ አይደለም አልኩህ» አሉ አባባ፣ መሬት ላይ የተቀመጠውን አሮጌ የማርሽ ሳጥን፣ ካምቢዮውን፣ በጫማቸው እየገፉ። አጎቴ ጌታነህ እጁ እስከ ክርኑ በግራሶ እንደተለወሰ፣ አንገቱን እንኳ ሳያቀና፣ መኪናዋ የምትቀበለው ይህንኑ ነው ብሎ መለሰላቸው። አባትና ልጅ ከጠዋት ጀምሮ እንደዚህ ነበሩ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ አራተኛ ክፍል፤ መቀመጥም መቆምም አቅቶኝ አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ መኪናዋ እመላለስ ነበር።

አባባ፣ አያቴ ማለቴ ነው፣ በወጣትነታቸው ሾፌር ነበሩ። ጂፓቸው መሐል ሜዳ ባለው ግቢያችን ጥግ፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ሣር በቅሎባት ቆማለች። አጎቴ ደብረ ብርሃን ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ በዚያ ዓመት ለፋሲካ ሲመጣ ሊያስነሳት ቆርጦ መጣ። ችግሩ፣ ጎተራው ሥር የተገኘው ካምቢዮ ሁለት መሆኑ ነው። አንዱ የመኪናዋ የራሷ፣ ሌላው ለመለዋወጫ ተብሎ ከሌላ ጂፕ የተፈታ። ሁለቱም ዝገዋል፤ ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው፣ የትኛው የራሷ እንደሆነ አይለይም። አጎቴ ፈታትቶ በናፍጣ ካጠባቸው በኋላ ልዩነታቸውን አሳየኝ። ቀድሞ በተሠራው፣ በአሮጌው ውስጥ አንደኛ ማርሽና የኋላ ማርሽ አንድ ጥርሳም ብረት ይጋራሉ፤ ጥርሱ ከረገፈ ሁለቱም የሉም። ኋላ በተሠራው፣ በአዲሱ ውስጥ ግን የኋላ ማርሹ የራሱ ብረት አለው።

ይህን ስሰማ የአባባ ተረት ትዝ አለኝ።

ማታ ማታ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሳችንን፣ ተከናንበን ኩራዙ ዙሪያ ስንቀመጥ፣ አባባ የሚነግሩን ተረት የጦጣና የቀበሮ አልነበረም፤ የዚያች ጂፕ ነበር። ሴት አያቴን፣ እማማን፣ ምጥ ይዟቸው ከራቤል ወደ መሐል ሜዳ ሲያመጧቸው፣ ዳገቱ ሥር የአንደኛ ማርሽ ጥርስ ረገፈ። አባባ ግን መኪናዋን አዙረው፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጠምዝዘው፣ ያንን ሁሉ ዳገት በኋላ ማርሽ ወጡት፤ ጫፉ ላይ አጎቴ ተወለደ። ሰፈሩ አጎቴን እስከ ዛሬ «ኋሊት» እያለ የሚጠራው በዚህ ነው፤ እሱም ስሙን ይወደዋል። እማማ ተረቱ ሲነገር ፍሙን ይቆሰቁሳሉ።

እንግዲህ የእኛ አሮጌው ከሆነ፣ ያ ዳገት በኋላ ማርሽ አልተወጣም ማለት ነው። አባባ ይህ ከሁላችን ቀድሞ ገብቷቸዋል። አዲሱ ካልተገጠመ ብለው የሙጥኝ ያሉት ለዚህ ነበር።

አጎቴ የአዲሱን ዘንግ አንስቶ ጫፉን ካምቢዮው ከሚሰካበት ከመኪናዋ የፍሪሲዮን ሸራ ጋር ሊያጋጥም ሞከረ። አልገባም። የአሮጌው ግን ሰተት ብሎ ገባ። አባባ ሸራው ተለውጧል አሉ፤ ወዲያው ደግሞ የለም፣ ዝገት ይዞት ነው አሉ። ነፋሱ የጎተራውን ክዳን ያንኳኳል። አጎቴ ዘንጉን እንደያዘ ቀና አለ።

«አባባ፣ የኋላ ማርሽ ካልነበረ እኔ በምን መጣሁ?»

መልሱ የመጣው ከደጃፉ ነው። እማማ ገብስ ያበጥሩ ነበር፤ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አሳረፉት።

«በእግሬ» አሉ። «መኪናዋ ታች ቀረች። እሳቸውን ተደግፌ ወጣሁት።»

አጎቴ መጀመሪያ የሳቀ መሰለኝ። ድምፁ ሲመጣ ግን ቀጭን ነበር። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽ?»

«እሳቸው ሲያወሩት፣ በተረቱ ውስጥ መኪና ላይ ነበርኩ» አሉ እማማ። «አይደክመኝም ነበር።»

አሁን አሥረኛ ክፍል ነኝ። በዚያ ዳገት በሚኒባስ ባለፍኩ ቁጥር ወንበሬ ላይ አልረጋም። እማማ የትኛው ድንጋይ ጋ ቆመው ተነፈሱ፣ የትኛው መታጠፊያ ላይ አልችልም አሉ እያልኩ በመስኮት እፈልጋለሁ። ተረቱን ግን መርሳት አልቻልኩም፤ መኪናዋም ወደ ኋላ እየወጣች ትታየኛለች። ሁለቱ አብረው አይገጥሙም፣ አንዱንም አውጥቼ መጣል አልፈልግም።

ያን ቀን አባባ ከተቀመጡበት ድንጋይ ቀስ ብለው ተነሱ። እማማ ፊት ሲደርሱ ቆም አሉ። ከሰፌዱ ላይ ነፋስ ያስቀረውን አንድ ገለባ አንስተው ጣሉ። ከዚያ ማንንም ሳያዩ በግቢው በር ወጥተው ሄዱ።