ባንተአምላክና የኢስታሂል ባትሪ

ባንተአምላክ ሐርጌሳ የገባው በ1983 ክረምት፣ ጦሩ ከተበተነ በኋላ፣ በእግሩ ነው። የቡሬ ልጅ ነው። ጅግጅጋ በነበረው ክፍለ ጦር የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሆኖ አምስት ዓመት አገልግሏል። ክፍሉ ሲፈርስ ጓደኞቹ ወደየአገራቸው ሲያቀኑ፣ እሱ የመንገዱን ወሬ ሰምቶ ፈራና ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረ። ድንበሩን ሲሻገር በኪሱ የነበረው አንድ ፒንሳና አንድ ካቻቢቴ ብቻ ነበር።

ከተማዋ ያን ጊዜ ጣሪያ አልነበራትም። ሰዉ ከስደት እየተመለሰ በፈረሰ ግድግዳ ላይ ሸራ ወጥሮ ነበር የሚኖረው። ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር አዋሌ የሚባል የጭነት ፒካፕ ያለው ሰው፣ መንገድ ዳር ቆማ የቀረች መኪናውን ባንተአምላክ በግማሽ ሰዓት ቢያስነሳለት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀውም።

«እኛ ሐርቲሼክ የስደተኞች ሰፈር፣ እናንተ ዘንድ ሦስት ዓመት ተጠልለናል» አለው አዋሌ። «አንተ ደግሞ እኛ ዘንድ ትኖራለህ።»

ከግቢው ጥግ አንዲት ክፍል ሰጠው። ባንተአምላክ ሶማልኛውን በስድስት ወር ለመደ። የአዋሌ ሚስት ሻምሶ በጾም ቀኖቹ ሥጋ ያልነካው ሩዝ ለይታ ታስቀምጥለት ነበር። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖረ፤ ሠራ፣ በላ፣ ተኛ። ከዚያ በኅዳር 1987 መንግሥቱና የጎሳ ታጣቂዎች ተጣልተው በአውሮፕላን ማረፊያው በኩል መድፉ ጀመረ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰዉ «ይበርዳል» አለ። በሁለተኛው ሳምንት የጎረቤቶቹ ደጆች አንድ በአንድ መዘጋት ጀመሩ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጥይት በግቢው በር ገብቶ የሻምሶን የውሃ በርሜል በስቶ ወጣ። ያን ዕለት አዋሌ ለመውጣት ወሰነ። ነገር ግን የሻምሶ እናት ከወገባቸው በታች አይታዘዝላቸውም፤ ልጆቹም አራት ናቸው፤ በእግር የሚሆን አልነበረም።

ፒካፑ ታጣቂ እንዳይወስደው ከግድግዳ ጀርባ ገለባና ቆርቆሮ ተከምሮበት ሃያ ቀን ቆሟል። አዋሌ ቁልፉን ሲያዞረው ምንም አላለም። ባንተአምላክ የባትሪውን ክዳኖች ፈታ። ከስድስቱ ጉድጓዶች አንዱ ደርቆ፣ ውስጡ ያለው እርሳስ ተጣሞ ነበር።

«ይህ አበቃለት» አለ።

«ገፍተን እናስነሳው።»

«እዚህ እንገፋዋለን። ኬላ ላይ ሞተር አጥፉ ሲሉህ ማን ይገፋልሃል? ታጣቂዎቹ?»

ገበያው ከተዘጋ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ የመለዋወጫ ሱቆቹ ገሚሶቹ ተሰብረው ተዘርፈዋል። ትዝ ያላት ሻምሶ ናት። አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ኢስታሂል የምትባል ሴት አለች፤ ባሏ መለዋወጫ ነጋዴ ነበር፤ ከስምንት ቀን በፊት ተገድሏል፤ ዕቃውን ቤት ውስጥ ሳይሸሽግ አይቀርም አለች።

ባንተአምላክ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ብቻውን ሄደ። ሐበሻ ነውና የማንም ወገን አይደለም፤ ይህ አንዳንድ ጊዜ ያሳልፋል፤ አንዳንድ ጊዜ ያስገድላል። በግድግዳ ጥግ ጥግ እየታከከ ደረሰ።

ኢስታሂል ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። በሩን የከፈተችለት የሻምሶን ስም ከጠራ በኋላ ነው። ጓዳ አስገብታ ምንጣፍ ገለጠች። ሦስት ባትሪዎች ተደርድረው ነበር።

«አንዱን ምረጥ» አለችው።

የመጀመሪያው ከነልጣፊው ያብረቀርቃል። ባንተአምላክ ከፍ አደረገውና መልሶ አስቀመጠው፤ ለመጠኑ ቀለል ይላል። ክዳኑን ፈትቶ በቀጭን የላስቲክ ቱቦ ትንሽ አሲድ ሳበ። ቡና መሰለ። «ውስጡ እየረገፈ ነው» አለ። «ከላይ ነው ቀለም የተቀባው።» ሁለተኛው ደህና ነበር፤ ግን ራሶቹ በተቃራኒው ናቸው፤ በአዋሌ መኪና ላይ ቢቀመጥ ገመዱ ፖዘቲቩ ጋ አይደርስም። ሦስተኛው ትንሽ መኪና ላይ የሚገጠም ዓይነት ነው፤ ያንን የናፍጣ ሞተር ለማዞር አቅም የለውም።

ኢስታሂል እጁን ስትመለከት ቆይታ፣ «ሌላም አለ» አለችና ወደ ጓሮ መራችው።

ጓሮው ውስጥ የባሏ ላንድክሩዘር ቆሟል። የፊት መስታወቱ የለም። የሾፌሩ ወንበር በውሃ ታጥቧል፤ ግን ደሙ አልለቀቀም። ባንተአምላክ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

«መንገድ ላይ አስቁመው ባትሪውን ፍታ አሉት» አለች። «መፍቻ የለኝም አላቸው። እውነትም አልነበረውም። ተኮሱበት። እነሱም መፍቻ አልነበራቸውም፤ በሰደፍ መትተው መትተው ሲያቅታቸው ሄዱ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር።»

ባንተአምላክ «አላህ ይርሐመው» አለ፤ በእሷ እምነት።

ኮፈኑን ከፈተው። የባትሪው ጠርዝ በሰደፍ ተላልጧል፤ ግን አልተሰነጠቀም። አሲዱ ጥርት ያለ ነው፤ እርሳሱን አልፎ ሞልቷል። የመብራት አምፖል በሁለት ሽቦ አገናኝቶ ቆጠረ፤ እስከ ሁለት መቶ ሲደርስ ብርሃኑ አልደከመም። የራሶቹ አቀማመጥም ልክ ነው።

«ይህ ነው» አለ። «ስንት ልንገራቸው?»

«እኔን ይዛችሁኝ ትሄዳላችሁ። ሌላ የምፈልገው የለም።»

ሃያ ኪሎ የሚሆነውን ባትሪ በጆንያ ጠቅልሎ ተሸከመ፤ እሷ በፌስታል ትንሽ ልብስ ይዛ ከኋላው ተከተለች። ሁለት ጊዜ ተኩስ ሰምተው መሬት ተኙ። በሁለተኛው ላይ ባትሪውን ላለመጣል ብሎ ከነሸክሙ ተንበርክኮ ጉልበቱን ድንጋይ ላጠው።

አዋሌ ግቢ ሲደርሱ ባንተአምላክ ጊዜ አላጠፋም። የድሮውን ባትሪ ኔጋቲቩን በመጀመሪያ፣ ፖዘቲቩን ቀጥሎ ፈታው። ሞርሴቶዎቹን፣ የባትሪውን ራስ የሚያንቁትን ሁለት ብረቶች፣ ሻምሶ ባፈላችው ውሃ አጥቦ ነጩን ዝገት አራገፈ፤ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ ፈተጋቸው። አዲሱን አስቀመጠ። ፖዘቲቩን አሰረ፤ ኔጋቲቩን አሰረ። አንደኛው ሞርሴቶ ሰፍቶ ይዟዟር ስለነበር ከድሮው ባትሪ ስስ እርሳስ ቆርጦ ጠቀለለበት። ማሰሪያ ብረቱ ስለጠፋ በካላማዳሪያ ጎማ ጥፍር አድርጎ አሰረው።

«አዙረው።»

ፒካፑ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ሻምሶ «አልሐምዱሊላህ» ብላ አለቀሰች።

አሮጊቷ ፍራሽ ላይ ሆነው ከኋላ ተጫኑ። ኢስታሂልና ልጆቹ ዙሪያቸውን ተቀመጡ። ሻምሶ ከፊት፣ በባሏና በባንተአምላክ መካከል ሆነች። ከከተማው ወጥተው ወደ ደቡብ ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል እንደነዱ፣ ደረቅ ወንዝ ማቋረጫው ላይ በድንጋይና በበርሜል የተዘጋ ኬላ ገጠማቸው።

ጣሪያው የተቆረጠ ነጭ መኪና መትረየስ ተጠምዶበት ቆሟል። የቀኝ በሩ ከሌላ መኪና የመጣ ሰማያዊ ነው። ስድስት ሰዎች ነበሩ፤ ከጭናቸው ላይ ጫት፣ ከትከሻቸው ላይ ጠመንጃ።

«ሞተር አጥፉ!»

አዋሌ አጠፋ። ጺሙን ሂና የተቀባው አለቃቸው መጥቶ ኮፈኑን አስከፈተ። ጎንበስ ብሎ አየ።

«ባትሪው ደህና ነው። አውጡት።»

አዋሌ፣ «ከኋላ ሽባ ሴት አለች፤ ልጆች አሉ» ብሎ ለመነ። ሰውዬው አልሰማውም። አንዱ ታጣቂ ፒንሳ ይዞ ቀረበ። ባንተአምላክ ወረደ።

«የእናንተ ባትሪ ምን ሆነ?» አለ በሶማልኛ።

«አንተ ሐበሻ፣ ምን አገባህ?»

«ሥራዬ ነው።»

አለቃው ከላይ እስከ ታች አየው። «ሞቷል። ከወር በላይ እየገፋን ነው የምናስነሳው።»

«መብራቱስ ይበራል?»

«ይበራል።»

«ቁልፉን ስታዞሩ ቀጭ ይልና ዝም?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ባትሪው አልሞተም። የእኛን ብትወስዱም አይነሳላችሁም።»

«ከዋሸህስ?»

«ከዋሸሁ ባትሪውም ይኸው፣ እኔም ይኸው።»

ከመኪናቸው ሥር ተንፏቆ ገባ። እንደገመተው ነው። ሞተሩን ከሻንሲው የሚያገናኘው ማሳ፣ ወፍራሙ ገመድ፣ ጫፉ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። ቡለኑን ፈታ፤ ገመዱን ፈተገ፤ የተቀመጠበትን ብረት ነጭ እስኪሆን ፋቀ፤ መልሶ አጠበቀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚያየው የታጣቂዎቹን ጫማና አፈሩን ብቻ ነበር። ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም።

«አዙሩት።»

ሞተሩ አጓራ። ታጣቂዎቹ እልል አሉ። አንዱ ባንተአምላክን በጀርባው መታ መታ አድርጎ እፍኝ ጫት በእጁ አስጨበጠው። አለቃው በርሜሎቹን እንዲያነሱ አዘዘና ለሰዎቹ፣ «ውጡ፣ እንሄዳለን» አለ። መትረየሱን የያዘው መኪና አቧራ አንስቶ ወደ ከተማው ነጎደ።

አዋሌ እየነዳ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ያደላ ነበር። «ነፍሳችንን አተረፍክ» አለው። ባንተአምላክም ልቡ ሞቅ አለው። ያን ያህል ደስ ያለው ከወታደርነቱ ወዲህ መቼ እንደነበር አያስታውስም።

እኩለ ቀን ላይ ራዲያተሩን ውሃ ለማጠጣት አንድ ግራር ሥር ቆሙ። ባንተአምላክ ጀሪካን ሊያነሳ ወደ ኋላ ሲዞር ኢስታሂል ከፒካፑ አልወረደችም። ጉፍታዋን እስከ ዓይኗ ስባ ነበር።

«እነሱ ናቸው» አለችው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«እነማን?»

«ሰማያዊ በር ያለው። ባሌን የገደሉት።»

ጀሪካኑ በእጁ ላይ ቀረ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

ባይጠግነው ኖሮ ባትሪውን ይወስዱ ነበር፤ አሮጊቷ በረሃ ላይ ትቀር ነበር። ይህን ሁሉ በልቡ አለ። አፉ ግን፣ «አላወቅኩም» ብቻ አለ።

«አውቃለሁ እንዳላወቅክ» አለች።

ሐርቲሼክ ሲመሽ ደረሱ። ያ ሜዳ ዳግመኛ በሸራ ጎጆ ተሸፍኖ ነበር። አዋሌ የድሮ ቦታውን ፈልጎ አጣው፤ ሌላ ቦታ ሰፈሩ። የሻምሶ እናት በሁለተኛው ወር በብርድ ሞቱ። ባንተአምላክ ውሃ በሚያመላልሱ ቦቴዎች ላይ ሥራ አገኘ። በየቀኑ አዳዲስ ሰው ይመጣ ነበርና፣ ማታ ማታ በየጎጆው እየዞረ የትኛው ሰፈር እንደተመታ፣ ማን እንደተኮሰ ይጠይቃል። መትረየስ የጫኑ መኪናዎች ብዙ ናቸው። አንድ ቀን ከመሐመድ ሞጌ ሰፈር የመጣች ሴት፣ ውሃ ሊቀዱ በተሰለፉ ሰዎች ላይ ስለተኮሰ መኪና ነገረችው። ሁለት እህቶቿ ሰልፉ ውስጥ ነበሩ። በሩ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ጠየቃት።

«ቀለም ማን ያያል?» አለችው።

ከዚያ በኋላ መጠየቅ ተወ። አዋሌ ነገሩን ሲሰማ ተቆጣው። «አንተ አይደለህም የተኮስከው። የእኔ ልጆች በሕይወት አሉ፤ ይህን ቁጠር።» ባንተአምላክም ቆጠረ። አራቱም ልጆች በየጠዋቱ ፊቱ ይሯሯጣሉ። ግን እንቅልፉ አልተመለሰም።

ኢስታሂል ከሻምሶ ጋር አንድ ጎጆ ውስጥ አራት ወር ኖረች። ምግብ ስታቀርብ ለእሱም ታቀርብለታለች፤ ሲያመው ውሃ አምጥታለታለች፤ ግን ቃል አትናገረውም። በመጋቢት መጨረሻ ድሬዳዋ ያለች አክስቷ ላከችባት። አዋሌ በፒካፑ እስከ ጅግጅጋ ሊያደርሳት፣ ባንተአምላክም አብሮ ሊሸኛት ተነሳ። አልፈለገችም።

ፌስታሏን ይዛ ሜዳው ላይ ቆመች፤ ወደ ጅግጅጋ ሽንኩርት የሚጭን መኪና ትጠብቃለች። ባንተአምላክ ራቅ ብሎ ሲያያት እሷው ጠራችው።

«አልረገምኩህም» አለችው። «ይህን እወቅልኝ።»

«ይቅር በይኝ።»

«ይቅር የምለው የለኝም። እጆችህን ሳይ ግን ያ ሞተር ይሰማኛል።»

የሽንኩርቱ መኪና መጣ። ሾፌሩ ወርዶ ቦታ አመቻቸላት፤ ባንተአምላክ ሊደግፋት እጁን ሊዘረጋ ብሎ መለሰው። ጎማውን ረግጣ ራሷ ወጣች። ከጆንያዎቹ መካከል ተቀምጣ ጉፍታዋን አስተካከለች፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ ፊቷ ወደ ጅግጅጋ ነበር።