ስለ ማዳም እርግዝና የበላሁት

ከጅጋ የወጣሁት በጥቅምት ወር፣ ጎህ ሲቀድ ነው። እህቴ እናኑ ልትሸኘኝ እስከ አስፋልቱ መጥታ፣ መኪና ስንጠብቅ ሦስት ጊዜ አስመለሳት። የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እናታችን «መንገደኛዋ ያች፣ የሚያስመልሳት ይችን» አለችና እንባዋን ጠረገች። ከዚያ ምክር ጀመረች፤ ለእኔ ግን አይደለም። እናኑ እንቁላል እንዳትበላ፣ ልጁ ራሱ ላይ ነጭ ነገር ለጥፎ ይወጣል። ወተትም እንደዚያው፣ ሙዝም እንደዚያው። እኔ ባሕር ልሻገር ነው፣ ወሬው ሁሉ የእንቁላል ነው። ቅር እንዳለኝ ተሳፈርኩ፤ ደምበጫ ሳንደርስ ግን ያ የእንቁላል ወሬ ራሱ ናፍቆኝ አለቀስኩ።

ቤሩት የገባሁበት ቤት እመቤት ማዳም ሪታ ትባላለች። የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ስለነበረች የቀጠሩኝም ለዚሁ ነው። ያልጋነሽ የሚለው ስሜ ከበዳትና በመጀመሪያው ቀን ኦልጋ አደረገችኝ። ማቀዝቀዣው በር ላይ ሐኪሟ የጻፈላት የምግብ ዝርዝር ተለጥፏል፤ ጧት እንቁላልና ወተት፣ ቀን ምስርና ሰባኔኽ የሚሉት ጎመን መሳይ ቅጠል፣ ማታ ዓሣ ወይም በደንብ የበሰለ ሥጋ፣ በየመሀሉ ፍራፍሬ። ዳቧቸው እንደ ነጠላ የሚታጠፍ ስስ ነገር ነው፤ ጠግቤ እንኳ የበላሁ አይመስለኝም።

ማዳም ይህን ሁሉ ስታይ ፊቷ ይጠቁራል። የሚወርድላት የድንች ጥብስና ለስላሳ ብቻ ነው። የባሏ እናት ወይዘሮ ሱአድ፣ በእነሱ አጠራር ሲት ሱአድ፣ ደግሞ አንድ ፎቅ ታች ስለሚኖሩ በየምግቡ ሰዓት ወጥተው ሳህን ያያሉ። ቋንቋቸው አንቱ አያውቅም። የሰባ ዓመት ባልቴት «አንቺ» ስል ምላሴ እየተሳሰረ፣ በልቤ አንቱ እላቸው ነበር። ሳህኑ ካልጸዳ ልጃቸውን ከሥራው አስጠርተው ያስመጡታል። በሁለተኛው ሳምንት ማዳም የወጥ ቤቱን በር ዘጋችና፣

«ኦልጋ፣ ብዪው» አለችኝ።

«ያንቺ እኮ ነው፣ ማዳም።»

«ለእኔ ብለሽ ብዪው።»

በላሁ። ሲት ሱአድ ንጹህ ሳህን እያዩ ምራታቸውን ግንባሯን ይስሟታል።

ጉዱ የመጣው ጾመ ነቢያት ሲገባ ነው። ጅጋ ያለችው ነፍሰ ጡር እህቴ ትጾማለች፤ ቤሩት ያለሁት፣ ያላረገዝኩት እኔ፣ እንቁላል እበላለሁ። ደወልኩላት።

«እናኑ፣ ምን በላሽ?»

«ቆሎ። እሱም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። አንቺስ?»

«እኔም ቆሎ» አልኳት፣ ከከንፈሬ አስኳል እየጠረግሁ።

እናቴ ስልኩን ተቀበለቻት። ነፍሰ ጡር መጾም እንደማይገባት፣ እዚህ ያለ ሐኪም እንቁላልና ወተት እንደሚያዝ ነገርኳት። ሰምታኝ ስትጨርስ «አንቺ ስንት ወልደሻል?» አለችኝ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል እኔ ወፈርኩ፣ ማዳም ከሳች። ቀሚሴ በጎኑ ተተረተረ። ሲት ሱአድ አንድ ቀን የእኔን ሆድ አዩ፣ የምራታቸውን አዩ፣ መልሰው የእኔን አዩ። ታክሲ አስጠርተው ወዳስቀጠረኝ ኤጀንሲ ወሰዱኝ። ካረገዝኩ ወዳገሬ እንደምመለስ አውቃለሁ።

«አርግዘሻል ተብሏል» አለ የኤጀንሲው ሰውዬ።

«አላረገዝኩም።»

«ታዲያ ይሄ ሆድ ምንድን ነው?»

«እንቁላል ነው።»

«የቤቱን ምግብ ትሰርቂያለሽ ማለት ነው።»

«አልሰርቅም። ብዪ ተብዬ ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እዚህ የሚመጡት ሁሉ ምግብ ተከለከልን ብለው ነው። ብዪ ተባልኩ የሚል ክስ የምጽፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም።»

«እኔ ማንንም አልከሰስኩም።»

«ለእሱም ቦታ የለውም» አለና ለምርመራ ላከኝ።

ውጤቱን ስጠብቅ ወራቱን በጣቴ ቆጠርኩ። እንዳላረገዝኩ አውቃለሁ፤ ግን ሰው ሁሉ ሲጠረጥረኝ እኔም ራሴን ጠረጠርኩ። ወረቀቱ እርግዝና የለም አለ። ሲት ሱአድ ሁለት ጊዜ አነበቡትና «የማንን ምግብ ነው የበላሽው?» አሉኝ። ማዳምን ላለማጋለጥ አቀርቅሬ ጫማዬን አየሁ። ማቀርቀሬ ነገራቸው።

በማግስቱ፣ ቀጠሮ ስትሸሽ የከረመችው ማዳም ሐኪም ቤት ተወሰደች። ደሟ አንሷል፣ ጽንሱም ከዕድሜው ያንሳል ተባለ። እኔና ማዳም ተቃቅፈን አለቀስን። እናቱ ፈቅዳልኝ ነው የበላሁት፤ ልጁን ግን ማንም አልጠየቀውም።

ጭንቀቴ ቢበዛ ለንስሐ አባታችን ለመምሬ ደወልኩ።

«አባቴ፣ ሳላረግዝ ስለ ሌላ ሰው እርግዝና ጾም ገደፍኩ።»

«ይህ ነገር ከመጽሐፍም አልገጠመኝ» አሉ። «እህትሽ ደግሞ አርግዛ ትጾማለች። ብድግ ስትል ያዞራታል አሉ። የሁለታችሁ ነገር ተገላብጧልሳ። በይ አንቺ ጹሚ፤ ለእሷ እኔ አለሁ።»

ቤቷ ድረስ ሄደው ያሏትን ኋላ ሰማሁ፦ «ልጄ፣ የአንቺን ጾም አንቺ ታውቂያለሽ። ልጁን ግን ማን ጹም አለው?»

እኔም ጾሜን ያዝኩ። አንድ ቀን የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ ቀቅዬ ስበላ፣ ማዳም መጥታ በቁሟ ከሳህኔ ዘገነች። ደገመች። ጨረሰችው። ከዚያ ወዲህ ምስሩንም ቅጠሉንም በሽንኩርት አቁላልቼ እንደ አገሬ ወጥ ስሠራላት ይወርድላት ጀመር። እንቁላሉን ግን የምትበላው እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ፣ ሳልበላ ሳያት ብቻ ነው። ሐኪሙ በርቺ አላት። ሲት ሱአድ ከዝርዝሩ ግርጌ «ኒፍሮ» ብለው ጻፉበት። በሚያዝያ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ትንሽ ነው፣ ጩኸቱ ግን ሦስት ፎቅ ይወርዳል።

ግንቦት ላይ እናኑ በሰላም ተገላገለች ተባለና ደወልኩ። እናቴ ደስ ብሏታል። «ድንቡሽቡሽ ያለች ሴት ናት። ራሷ ላይ አንድ ነጭ ነገር የለም። እንቁላል አለመብላቷ በጃት» አለችኝ። እናኑ ስልኩን ስትቀበል ድምጿን ዝቅ አደረገች። መምሬ ከመከሯት ወዲህ ባሏ ጓሮ እየቀቀለ በየቀኑ እንቁላል ያበላት ነበር፤ ቅርፊቱን ይቀብረዋል። እናቴ ዶሮዎቹ መጣል አቁመዋል ብላ ልትሸጣቸው ቡሬ ገበያ ድረስ ገዥ አፈላልጋለች።

«መቼ ትመጫለሽ?» አለችኝ እናኑ።

«ኮንትራቴ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ይቀረዋል።»

«እንግዲያስ አናግሪያት» ብላ ስልኩን ለሕፃኗ ጆሮ አስጠጋችላት። ትንፋሿ ይሰማኛል፣ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ የሚል።

«በላሽ?» አልኳት።